በእግር እስከ ኢየሩሳሌም

በሀገራችን የቆየ አንድ መልካም ልማድ አለ። የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል፣ የቤቱ ጌታ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ብሎ ይመልስለታል። ይህ አጭር ቃል ብቻውን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን አንድ ትልቅ መንገድ ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ የኖረው በዚሁ ቃል ነው። ያም መንገድ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የሀገራቸውን ወሰን ተሻግረው፣ የሱዳንን በረሃና የግብጽን ምድር አቋርጠው በእግራቸው እስከ ኢየሩሳሌም የሚደርሱበት ነበር።

ስለ እነዚህ ተሳላሚዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው የእግራቸው ብርታትና የልባቸው ጽናት ነው። ይህ ሊካድ አይችልም። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው መንገደኛውን ከግቡ የሚያደርሰው የራሱ እግር ብቻ አይደለም፤ በየመንገዱ የሚቀበለው ሰው ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በማስረጃ ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

ርቀቱና ስንቁ

በመጀመሪያ ርቀቱን በምናውቀው ነገር እንለካው። ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጋው ወደ ቆላው የወረደ ሰው ይህ መንገድ ጉልበትን ምን ያህል እንደሚፈትን ያውቃል። ጥቂት ዕቃ የተሸከመ ጤነኛ ሰው ሳያቋርጥ በየቀኑ የሚሄድ ከሆነ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ መልካም ተጓዘ ይባላል።

ከአክሱም እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ርቀት ወፍ እንደሚበርረው በቀጥታ ቢለካ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 80 ቀን ነው። ነገር ግን እግረኛ እንደ ወፍ በቀጥታ አይሄድም። የውሃ ጉድጓድ ወዳለበት ይዞራል፤ የዓባይን ጥምዝ ይከተላል፤ ገደልና ተራራ ሲያጋጥመው ይጠመዘዛል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ግማሽ ያህል ብንጨምርበት 3,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 120 የእግር ቀን ይሆናል። ቅፍለት የሚጠበቅበት፣ ሕመም የሚታመምበትና የሚታረፍበት ጊዜ ሲታከልበት ጉዞው ብዙ ወራት ይፈጃል። መንገደኛው ከእኛ ከአርባ ምንጭ የሚነሣ ቢሆን ደግሞ ገና አክሱም ለመድረስ በቀጥታ መስመር 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀድመዋል።

አሁን ስለ ስንቅ እናስብ። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ወይም ቆሎ ቢበቃው ለ120 ቀን 60 ኪሎ ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ተሸክሞ በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የለም። ውሃማ ከዚህ የባሰ ነው። በበረሃ የሚሄድ ሰው በቀን 4 ሊትር ቢጠጣ ለአምስት ቀን ብቻ 20 ኪሎ ውሃ መሸከም ይኖርበታል።

እንግዲህ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ስንቁን ሁሉ በጀርባው ይዞ ኢየሩሳሌም የሚደርስ ሰው ሊኖር አይችልም። መንገደኛው በአኮፋዳው የሚይዘው ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምግብ፣ ውሃና ማደሪያ በሌሎች ሰዎች እጅ ነው።

ከማረፊያ ወደ ማረፊያ

ይህ መንገድ አንድ ወጥ መስመር አልነበረም፤ እንደ ጊዜው ሰላምና ጦርነት ይለዋወጥ ነበር። ዋና ከሆኑት መስመሮች አንዱ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በደባርዋ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ሱዋኪን ይወርድና ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ወደ ዓባይ ወንዝ ይደርሳል። ከዚያም የዓባይን ዳር ይዞ ወደ ካይሮ ይወጣል። ከካይሮ በሲና ምድርና በጋዛ በኩል ኢየሩሳሌም ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ ኢትዮጵያውያን የሚያርፉባቸው ቤቶች ነበሩ። በላይኛው ግብጽ የእኛ ሰዎች ደብረ ቁስቋም ብለው በሚጠሩት ገዳም በ14ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር። በካይሮ ሐረት ዙዌይላ በሚባለው ሰፈር በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንዲሁ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ነበረ። በኢየሩሳሌምም ያለው ማኅበር በጣም የቆየ ነው። ከ1285 እስከ 1294 የነገሡት ዐፄ ይግባ ጽዮን በዚያ ለሚኖሩ መነኮሳት ደብዳቤ ጽፈው ነበር።

የእነዚህ ቤቶች ጥቅም መኝታና እንጀራ ብቻ አልነበረም። አዲስ መጪው ቋንቋ የሚያውቅለት ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው። ወደፊት ያለው መንገድ ሰላም መሆኑንና አለመሆኑን የሚሰማው እዚያ ነው። የታመመው የሚታከመው፣ የሞተውም በሥርዓት የሚቀበረው እዚያ ነው። ከኢየሩሳሌም የሚመለሰውና ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው እዚያ ይገናኛሉ፤ አንዱ ለሌላው የመንገዱን ነገር ይነግረዋል።

ከተጓዦቹ መካከል እጅግ ስመ ጥር የሆኑት አባ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። በሰንበት አከባበር ምክንያት በተነሣው ክርክር በ1337 ገደማ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ከሀገር ወጡ። ግብጽን አልፈው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ከዚያም በቆጵሮስ በኩል እስከ አርመን ሄደው በ1352 በዚያው ዐረፉ። ከደቀ መዛሙርታቸው ግን ወደ ሀገራቸው የተመለሱ ነበሩ፤ የመምህራቸውንም ትምህርት አስፋፉ።

ተቀባይ በሌለበት

ተቀባይ በሌለበት ስፍራ ምን ይደርስ እንደነበር ደግሞ የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎልናል። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን የኖረ ሰው ነው። እርሱ እንደሚተርከው 336 መነኮሳትና መነኮሳዪያት አንድ ቅፍለት ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ነገር ግን ወደ ሱዋኪን በሚወስደው ምድር ሽፍቶች ወደቁባቸው። ሽማግሌዎቹን ገደሉ፤ ወጣቶቹን ማርከው ለባርነት ሸጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያመለጡት 15 ብቻ እንደነበሩ አልቫሬዝ ይናገራል።

እነዚህ ሰዎች እግራቸው የደከመ፣ እምነታቸውም የጎደለ አልነበረም። ቁጥራቸውም ጥቂት አልነበረም። የጎደላቸው በዚያ ስፍራ «እነዚህ እንግዶቼ ናቸው፤ አትንኳቸው» የሚልላቸው ሰው ነበር።

መንገደኞቹ ለዓለም ያበረከቱት

አንዳንድ ሰው እነዚህ ተጓዦች ለራሳቸው ነፍስ ብቻ ደክመው እንደቀሩ ያስብ ይሆናል። እውነቱ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። ኢትዮጵያና አውሮፓ እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ካደረጉት ሰዎች ዋናዎቹ በእግራቸው የሄዱት መነኮሳት ናቸው።

በ1441 በፍሎሬንስ ከተማ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ የተገኙት ኢትዮጵያውያን ከኢየሩሳሌም ማኅበር የሄዱ ነበሩ፤ የላኳቸውም የማኅበሩ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። በ1450 ገደማ በቬኒስ ታላቁን የዓለም ካርታ የሠራው መነኩሴ ፍራ ማውሮ ስለ ኢትዮጵያ ወንዞችና አውራጃዎች የተረዳው ከሀገሩ ካህናት መሆኑን በካርታው ላይ ጽፏል። ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜም እዚያው ቬኒስ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል ሰው ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ ከየት ወደ የት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ይመዘግብ ነበር። ያ መዝገብ ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪዎች እንደ ወርቅ የሚቆጠር ነው።

በሮም ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበረ። ይህ ቤት ለሀገራችን መጻሕፍት እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። በ1513 በሮም መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል ታተመ፤ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን ግእዙን ያስተማረው አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው። በ1548ና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው በዚያው በሮም ነው። ከእርሱ በተማረው መሠረት ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ፊደል በማተሚያ መኪና የታተመው እንግዲህ ከሀገራችን ርቆ፣ መንገደኞች ባረፉበት ከተማ ነው። አንድ የማረፊያ ቤት ለሕዝብ ምን ያህል ጥቅም እንደሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ዴር ሡልጣን

የማረፊያ ቤት መንገደኛውን ይጠብቃል፤ መንገደኛውም ቤቱን ይጠብቃል። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይቆምም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በኢየሩሳሌም ያለው የዴር ሡልጣን ገዳም ነው።

ዴር ሡልጣን የሚገኘው በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። መነኮሳቱ በዚያ ጣሪያ ላይ በተሠሩ ትናንሽ ክፍሎች ይኖራሉ። የአራቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል የሚባሉ ሁለት ጸሎት ቤቶች አሉ። በ1838 በኢየሩሳሌም ወረርሽኝ ገባ፤ ከኢትዮጵያውያኑ መነኮሳት አብዛኞቹ አለቁ። በሽታ ያስተላልፋሉ ተብሎም መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ የጸሎት ቤቶቹም ቁልፍ ከኢትዮጵያውያን እጅ ወጣ። ከ130 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1970 የፋሲካ ሌሊት ቁልፉ እንደገና በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። በኢትዮጵያውያንና በግብጻውያን መነኮሳት መካከል ያለው ክርክር ግን እስካሁን አልተቋጨም።

በዚያ ሁሉ ዘመን ቤቱ ጨርሶ ያልጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው? ከቀሩት ጥቂቶች ጋር የሚተባበሩ ሰዎች ከሀገር ቤት መምጣታቸውን ስላላቆሙ ነው። ከዚህም በቀር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከአሮጌው ከተማ ውጭ ያስጀመሩት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ለተሳላሚዎች ሁለተኛ ቤት ሆነላቸው። ያ መንገድ ዛሬም በከተማው የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል።

በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ

እኛ እንግዶች ብቻ አልነበርንም፤ ተቀባዮችም ነበርን። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ በእግራቸው የሚሄዱ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ከአንዱ የአፍሪካ ጫፍ ወደ ሌላው ሲያቋርጡ ብዙዎቹ በመተማ በኩል ያልፉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በመተማና በገላባት ጠረፍ የሰፈሩ ተክሩሮች ትልቅ መንደር መሥርተው ነበር። አንዳንዱ በእርሻና በንግድ ስንቁን እያጠራቀመ ዓመታት ይቆይ ነበር። በባሌም ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄዱ ተሳላሚዎች ዛሬም ጫፉ እንደ መንታ ቅርንጫፍ የተከፈለ በትር ይዘው ሲጓዙ ይታያሉ፤ በትራቸውን ያየ ሁሉ የት እንደሚሄዱ ያውቃል።

ድንበር ተሻጋሪ የእግር መንገድ በዘመናችንም እንዴት ሊኖር እንደሚችል ለማየት ወደ አውሮፓ እንመልከት። በደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ከሳን ዣን ፒዬ ዴ ፖር ከተማ ተነሥቶ፣ የፒሬኔ ተራሮችን ተሻግሮ፣ በስፔን እስከ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚደርስ የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ አለ። ርዝመቱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው አንድ የይለፍ ደብተር ይይዛል፤ በየማደሪያው ማኅተም ይመታበታል። በእግሩ ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው የምስክር ወረቀት ያገኛል። በ2023 ይህን ወረቀት የተቀበሉት ሰዎች ከ440,000 በላይ ናቸው። ያ መንገድ በአንድ ወቅት ተረስቶ ነበር። በ1980ዎቹ ኤሊያስ ቫሊኛ የሚባሉ የአንድ ትንሽ ተራራ መንደር ቄስ በገዛ እጃቸው ቢጫ ቀለም ይዘው በየድንጋዩና በየዛፉ የቀስት ምልክት ማድረግ ጀመሩ። የአካባቢው ሰዎችም ማደሪያ ቤቶችን ከፈቱ። መንገዱ ዳግመኛ የተነሣው እንዲህ ነው።

የእግሩ መንገድ ሲቀር

የእኛን የእግር መንገድ ያስቀረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የስዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ተሳላሚው ከምጽዋ በመርከብ መሄድ ይቀልለው ጀመር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያውን የውጭ በረራ ያደረገው በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። መነኮሳቱ ብዙ ወራት የደከሙበትን ምድር አውሮፕላን በሰዓታት አለፈው። ዛሬ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ምእመን በአውሮፕላን ይጓዛል።

ይሁን እንጂ በእግር ወደ ኢየሩሳሌም መነሣት በአያቶቻችን ዘመን ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ የተነሡ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል ሕፃናትን አዝለው፣ ሽማግሌዎችን ደግፈው፣ በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ሲመኙትና ሲጸልዩለት የኖሩት ኢየሩሳሌምን ነበር። በጠረፉ አካባቢ ባሉት በኡም ራኩባና በመሳሰሉት የስደተኛ ሰፈሮች ወራትን አሳለፉ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 8,000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። በመንገድና በሰፈሩ ውስጥ በረኃብ፣ በጥምና በበሽታ ያለቁት ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ብዙዎቹ የሞቱት በእግር በሚሄዱበት ጊዜ ሳይሆን ከደረሱ በኋላ፣ በሰፈሩ ውስጥ ሲጠብቁ ነበር። ድንበሩን እግራቸው አሻግሯቸዋል፤ ከድንበሩ ወዲያ ግን የሚበቃ እንጀራ፣ ንጹሕ ውሃና ሐኪም አልጠበቃቸውም። የአልቫሬዝ 336 መነኮሳትና እነዚህ ቤተሰቦች በ460 ዓመት ገደማ የተራራቁ ናቸው፤ የጎደላቸው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኘው ጥንታዊት ብርብር ማርያም የቆዩ የግእዝ መጻሕፍት ጠብቃ የኖረች ቤተ ክርስቲያን ናት። መኪና ባልነበረበት ዘመን እነዚያ መጻሕፍት ወደ ደጋው የወጡት በሰውና በእንስሳ ጀርባ ነው። ተሸካሚዎቹም በየመንደሩ ያሳደራቸው ሰው ነበር ማለት ነው። የጋሞ ሸማኔዎችም እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመጓዝ የታወቁ ናቸው። እኛም እንግዲህ የመንገደኛ ልጆች ነን።

እንግዳን የመጠበቅ ነገር በከተማችን በቅርቡ በዐይን ታይቷል። በመስከረም 2018 በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በባህላችን ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። ከሌላ ሀገር መጥተው በመካከላችን የሚኖሩት ሰዎችም ዳኑ። ሱዋኪን አጠገብ ለነዚያ መነኮሳት የጎደላቸው ይህን የመሰለ ሰው ነበር።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ አንድ ሥራ በእጃችን አለ። በየቤታችን ያሉ አያቶች ወደ ገበያ፣ ወደ ክብረ በዓልና ወደ ሩቅ ከተማ በእግር የሄዱባቸውን መንገዶች ያስታውሳሉ። የት ያድሩ እንደነበር፣ ማን ያሳድራቸው እንደነበር፣ ውሃ የሚገኘው ከየትኛው ምንጭ እንደነበር ሊነግሩን ይችላሉ። ዞርዚ በቬኒስ ተቀምጦ ከመነኮሳቱ የጠየቀውን ጥያቄ እኛ ከገዛ አያቶቻችን ብንጠይቅና በደብተራችን ብንመዘግብ፣ ለዚህ መጽሔት ብቻ ሳይሆን ለሀገር ታሪክ የሚጠቅም ነገር እናተርፋለን። አያቶቻችን ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።

ነገ እያንዳንዳችን ለትምህርትም ሆነ ለሥራ መንገደኞች መሆናችን አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሰው ደጃፍ እንቆማለን። ዛሬ ግን በዚህ ያለነው ባለቤቶች ነንና፣ ከከተማችን ደጃፍ ለሚቆመው እንግዳ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» የሚለው መልስ ከአፋችን እንዳይጠፋ እንጠንቀቅ።